የጠረጴዛ ቴኒስ አጨዋወትን ስለ ማሻሻል

በዚህ መጽሔት ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ በየዓመቱ አንድ ነገር ሳይጻፍ አይቀርም። ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ ግን የጻፈ ሰው እንዳለ የቆዩትን ቅጾች ባገላብጥ አላገኘሁም። ይህም የሆነው ጨዋታው ወዳጅ አጥቶ አይደለም፤ የምሳ ሰዓት ደወል በተደወለ ቁጥር ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ባለችው በአንዲቱ ጠረጴዛችን ዙሪያ የሚሰለፈውን ተማሪ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እኔ በዚያ ሰልፍ አራት ዓመት ሙሉ ቆሜአለሁ። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ፈጽሜ ስለምሄድ፥ በአራተኛው ዓመት የተማርሁትን፥ ይልቁንም በሦስቱ ዓመታት ሳላውቀው የቀረሁትን፥ ከኋላዬ ለሚመጡት ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ ጽፌ ለመተው አሰብሁ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ሽንፈቴ ልናገር። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ውስጥ እኔን የሚያሸንፍ ተማሪ ከሁለት አይበልጥም ነበር። ክንዴ ብርቱ ነው፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ከመጣልኝ አልምርም። ስለዚህ በከተማችን ካለው ክለብ ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ በተደረገ ጊዜ በትልቅ ተስፋ ሄድሁ። የተመደቡልኝ ባላጋራ ግን ዕድሜአቸው ከአባቴ የሚበልጥ፥ ሆዳቸው ገፋ ያለ፥ መነጽር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ጓደኞቼ ባዩአቸው ጊዜ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ፤ እኔም በልቤ ሣቅሁ። በ11 ለ4፥ በ11 ለ3፥ በ11 ለ5 አሸነፉኝ። እኔ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ስዘል እርሳቸው ከቆሙበት ስፍራ ከሁለት እርምጃ በላይ አልራቁም፤ አንድ ጊዜ እንኳ በኃይል ሲመቱ አላየሁም። ኳሱን ወደ እኔ ይገፉታል፤ እኔም እመታዋለሁ፤ ኳሱም ወይ መረብ ውስጥ ይገባል፥ ወይ እስከ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ ይህ ነበር።

ከግጥሚያው በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ ቀረብ ብዬ፥ «ጋሼ፥ ምን አድርገውብኝ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምንም አላደረግሁብህም» አሉኝ። «አንተ የምታየው ኳሱን ነው፤ እኔ የማየው ራኬትህን ነው።»

የነገሩኝን ወዲያው አልተረዳሁትም፤ እንዲያውም ቀልድ መሰለኝ። የሆነ ሆኖ ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ክለቡ እየሄድሁ ከእርሳቸው ጋር መጫወት ጀመርሁ፤ እርሳቸውም ሳይሰለቹ አስተማሩኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእርሳቸው የተገኘ ነው። የተሳሳተ ነገር ቢገኝበት ግን ስሕተቱ የእኔ ነው።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱም 2.7 ግራም ብቻ ነው። እንዲህ የቀለለ ነገር ራኬቱም አየሩም እንደ ልባቸው ያደርጉታል። ራኬቱ ኳሱን ፊት ለፊት ከገጨው ኳሱ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ጠርጎት ካለፈ ግን እየተሽከረከረ ይሄዳል። ይህን መሽከርከር የክለብ ልጆች «ስፒን» ይሉታል፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ከዐሥር ተማሪዎች ዘጠኙ ስፒን ማለት ብልጦች የሚሠሩት ተንኰል ነው ብለው ያስባሉ። ዳሩ ግን ያለ ስፒን የሚሄድ ኳስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሳያውቁት የሚሠሩትም ሰዎች አያሌ ናቸው።

አሁን ዋናውን ደንብ ልጻፈው። ስፒን ያለበት ኳስ በራኬታችሁ ላይ ባረፈ ጊዜ፥ የባላጋራችሁ ራኬት ኳሱን ሲጠርግ ወደ ሄደበት ወገን ይሸሻል። ባላጋራችሁ ራኬቱን ከላይ ወደ ታች አውርዶ የኳሱን ሆድ ከቈረጠው፥ ኳሱ ከእናንተ ራኬት ላይ ወደ ታች ወርዶ መረብ ይገባል። ከታች ወደ ላይ አንሥቶ የኳሱን ጀርባ ከጠረገው፥ ኳሱ ከእናንተ ራኬት ላይ ወደ ላይ ዘሎ ከጠረጴዛው ውጭ ይወድቃል። ራኬቱን ከቀኙ ወደ ግራው ከሳበው፥ ኳሱ ወደ እርሱ ግራ ይሸሻል፤ ከግራው ወደ ቀኙ ከሳበው ደግሞ ወደ ቀኙ። ደንቡ ለአራቱም አንድ ነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። የባላጋራችሁ ራኬት ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ፥ የራኬታችሁን ፊት ወደ ጣራው ከፈት አድርጋችሁ ኳሱን ወደ ላይና ወደ ፊት አንሡት። ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ፥ የራኬታችሁን ፊት ወደ ጠረጴዛው ደፋ አድርጉት። ወደ ጎን ሲሳብ ካያችሁ፥ ራኬቱ መጀመሪያ ከተነሣበት ወገን አነጣጥሩ። ስፒኑ ብዙ ከሆነ ብዙ፥ ጥቂት ከሆነ ጥቂት ማዘንበል ነው፤ መጠኑን እጅ እንጂ ወረቀት አያስተምርም።

ጋሼ ያን ቀን ያደረጉብኝም ይኸው ነው። መጀመሪያ ኳሱን ሁሉ ከበታች እየቈረጡ ላኩልኝ፤ እኔም በቀጥታ ስመታው መረብ ገባ። ሦስት አራት ጊዜ መረብ ከገባብኝ በኋላ «እንግዲያስ ላንሣው» ብዬ ማንሣት ስጀምር፥ እርሳቸው በዚያው በሚቈርጡበት የእጅ አኳኋን፥ ነገር ግን ሳይቈርጡ፥ ኳሱን በራኬቱ መካከል ገፋ አደረጉት። ስፒን የሌለው ኳስ ሲነሣ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ግድግዳው ድረስ።

ይህን ደንብ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ ኳሱን ወደ ላይ ይወርውርና ሲወርድ ሆዱን በራኬት ጫፍ ስስ አድርጎ ቈርጦ ወደ ፊት ይልቀቀው። በደንብ የተቈረጠ ኳስ መሬት ከነካ በኋላ ቆም ይልና እየተንከባለለ ወደ ቈረጠው ሰው ይመለሳል። እኔ ይህን ለመቻል ዐሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል፤ እናቴም በኳሱ ጠቅ ጠቅ የተነሣ ከሳሎን አስወጥታኛለች። ኳሱ የማይመለስላችሁ እንደ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ራኬቱን አጥብቆ መያዝ ነው። ራኬት የሚያዝ ሰውን ሰላም እንደምንልበት ዓይነት ነው፤ ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ይይዛሉ፥ አውራ ጣት በአንዱ ፊት፥ ሌባ ጣት በሌላው ፊት ጠርዝ ላይ ያርፋሉ። የእጅ አንጓ ካልላላ ኳስ አይሽከረከርም።

ኳሱን ብቻ ማየት ለምን አይበቃም ለሚል ጠያቂ በቍጥር እመልሳለሁ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር 2.74 ሜትር ነው። ኳሱ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ቢሆን፥ ይህን ርቀት ለመጨረስ ከሩብ ሰከንድ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ኳሱ መረቡን ካለፈ በኋላ «ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ማሰብ የጀመረ ሰው አስቦ ሳይጨርስ ኳሱ ያልፈዋል። የባላጋራው ራኬት ግን ከዚያ አስቀድሞ ይናገራል፤ ትከሻው ሲዞር፥ ክንዱ ወደ ኋላ ሲሄድ፥ ከላይ ይነሣ ከታች ይነሣ ይታያል። ጆሮም ይረዳል። ስስ ተደርጎ የተጠረገ ኳስ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በድፍኑ የተመታ ኳስ ጠንከር ብሎ ይጮኻል። የድምፁን ጥቅም ለማወቅ በ1952 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቦምቤይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ራኬት ይዞ መጣና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስፖንጁ ኳሱን በፍጥነት ከመወርወሩም በላይ ድምፁን ስለ ዋጠው፥ በጆሮአቸው መጫወት የለመዱት ታላላቅ ተጫዋቾች ግራ ተጋቡ። በ1959 የላስቲክና የስፖንጅ ውፍረት በሕግ እስኪወሰን ድረስ ክርክሩ አላበቃም።

አሁን ወደ ሰርቪስ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም በጨዋታው ሁሉ ውስጥ ባላጋራው ሳይነካብን የምንመታው ኳስ እርሱ ብቻ ነው። በጠረጴዛችን ዙሪያ የማየው ግን ሰርቪስን እንደ ሰላምታ ቈጥሮ «ይኸው ጀምር» ብሎ መስጠትን ነው። ይባስ ብሎም ብዙዎቻችን ሕጉን አናውቀውም። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ኳሱ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከጠረጴዛው ወለል በላይና ከመጨረሻው መሥመር በስተ ኋላ ይሆናል፤ ከመዳፍ ከተለየ በኋላ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል፤ የሚመታውም ሲወርድ ነው፤ በሰውነት ወይም በክንድ ከተቀባዩ ዐይን መሸፈንም ክልክል ነው። ከእኛ ቡድን አንዱ በጣቱ ጨብጦ በመስጠት የለመደ ነበርና በዚያው ግጥሚያ ላይ ዳኛው በተከታታይ ሁለት ነጥብ ወሰዱበት። ልጁ «ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጫወተው» ብሎ ቢከራከርም ማን ይሰማዋል!

ለክለብ ተጫዋች ዐሥር ዓይነት ሰርቪስ አያስፈልገውም። ሁለት ይበቃዋል፤ ሁለቱ ግን በእጅ አኳኋን መንታ መሆን አለባቸው። አንደኛው ከበታች በጣም የተቈረጠና አጭር ነው። አጭር ማለቴ፥ ተቀባዩ ባይነካው ኖሮ በእርሱ ወገን ሁለት ጊዜ የሚነጥር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ኳስ ሙሉ ክንድ ዘርግቶ ለመምታት አይቻልም፤ ጠረጴዛው ይከለክላልና። ሁለተኛው በዚያው አኳኋን፥ በዚያው ፍጥነት፥ ወደዚያው ስፍራ የሚሄድ፥ ነገር ግን ስፒን የሌለው ነው። ተቀባዩ የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ቢይዘው መረብ ይገባበታል፤ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቢይዘው ኳሱ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ልዩነቱን የሚሠራው ኳሱ የነካው የራኬቱ ቦታ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሆን ብዙ ይሽከረከራል፥ ወደ እጀታው ሲጠጋ ጥቂት። ሦስተኛ ማከል የሚወድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ፈጣንና ረጅም የሆነ ኳስ ወደ ማእዘኑ ይላክ፤ ይህን ግን አብዝቶ መጠቀም ጥሩ አይደለም።

ሰርቪስ የሚሰጠው በቀጥታ ነጥብ ለማግኘት ነው ብሎ የሚያስብ ተጫዋች ይሳሳታል። የሚሰጠው ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ ምን ዓይነት እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ ነው። የተቈረጠ አጭር ኳስ ከሰጣችሁ፥ ከዐሥር ጊዜ ሰባቱን ያህል ባላጋራችሁ እርሱም ቈርጦ በመግፋት ይመልሳል (ቍጥሩ ከራሴ ደብተር ነው፤ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ የሌሎችን ጨዋታ ስቈጥር ያገኘሁት)። እንግዲህ ሰርቪሱን ከሰጣችሁበት ቅጽበት ጀምሮ እግራችሁ ለተቈረጠ ኳስ ተዘጋጅቶ፥ ጉልበታችሁ በርከክ ብሎ፥ ራኬታችሁ ዝቅ ብሎ ሊጠብቅ ይገባል። ኳሱ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ጠርጋችሁ በስፒን ትልኩታላችሁ። በኃይል መምታት የሚያምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በፊት ሰርቪስ ሰጥቼ ቆሜ ውጤቱን እመለከት ነበር፤ ኳሱ ሲመለስ ሁልጊዜ እደነግጥ ነበር፤ የላክሁት እኔ ራሴ ሆኜ ሳለሁ!

ስለ እግር ብዙ መጻፍ ነበረብኝ፤ ነገር ግን እግር በንባብ አይሠለጥንም። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ግራ እግሩን ጥቂት ወደ ፊት ያድርግ፤ ክብደቱ በእግሩ ጣቶች በኩል ይሁን፥ በተረከዙ አይቁም፤ ራኬቱም ከጠረጴዛው ከፍታ በላይ፥ ከደረቱ ፊት ይሁን። ከመታ በኋላም ራኬቱን እዚያው ይመልስ። የሚቆምበት ስፍራ ደግሞ የጠረጴዛው መካከል አይደለም፤ ከመካከል ጥቂት ወደ ግራ ነው፥ ምክንያቱም በቀኝ በኩል ክንዱ ሩቅ ይደርሳል። ከዚህ የበለጠ የምለው ቢኖር፥ ወደ ኳሱ እጅን መዘርጋት ሳይሆን በትንሽ በትንሽ እርምጃ ሰውነትን ማድረስ ነው። ቁመቴ አጭር ነውና አልችልም የሚል ሰው የቻይናዊቱን የዴንግ ያፒንግን ነገር ይወቅ። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን በ1992 በባርሴሎናና በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ በነጠላ የወርቅ ሜዳልያ አግኝታለች። ሩቅ የማይደርስ ክንዷን ያደረሱላት እግሮችዋ ናቸው።

ኳሱን የት እንላከው? ጠረጴዛው 1.525 ሜትር ስፋት አለው። ከማእዘን ወደ ተቃራኒው ማእዘን ያለውን ርቀት በፓይታጎረስ ደንብ ብታሰሉት 3.14 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከቀጥታው በ40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ስለዚህ በአግድሞሽ የተመታ ኳስ የሚያርፍበት ስፍራ ሰፊ ነው፤ በቀጥታ የተመታው ግን በቶሎ ጠረጴዛው ያልቅበታል። ስትጠራጠሩ በአግድሞሽ ምቱ፤ በቀጥታ የምትመቱት ባላጋራው ከስፍራው ሲለቅ ነው። ነገር ግን ከሁለቱም ማእዘኖች የሚበልጥ ሌላ ስፍራ አለ፤ እርሱም የባላጋራው የክርን ትይዩ ነው። እዚያ የመጣን ኳስ በራኬቱ ፊት ይምታው ወይስ በጀርባው፥ ለመወሰን ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሲወስንም ሰውነቱን ከመንገዱ ማራቅ አለበት። እኛ ተማሪዎች ሁልጊዜ የባላጋራውን የጀርባ ምት ደካማ ነው ብለን ኳሱን ሁሉ ወደዚያ እንወረውራለን፤ እርሱም ሃያ ጊዜ ሲመታው ያው ደካማው ምት በእኛው ወጪ ይጠነክራል።

ድሮ አባቶቻችን አንዱን ዙር እስከ 21 ነጥብ ይቈጥሩ ነበር፤ ሰርቪስም አምስት አምስት ነበር። ከ2001 ጀምሮ ግን ዙሩ እስከ 11፥ ሰርቪሱም ሁለት ሁለት ሆኗል። ይህ ለአጨዋወት ዘዴ ትልቅ ለውጥ ነው። በ21 ጊዜ አራት ነጥብ እየጠፋበት ባላጋራውን የሚያጠና ሰው መልሶ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ዛሬ አራት ነጥብ ማለት የዙሩ ሢሶ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ጥናቱ ከግጥሚያው በፊት፥ ባላጋራችሁ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ይጀመር። ራኬቱን ተቀብላችሁ ላስቲኩን ማየትም በሕግ የተፈቀደ ነው። አንዱ ፊት ለስላሳ፥ ሌላው ነጠብጣብ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ነጠብጣቡ ረዥም ከሆነ ደግሞ ስፒናችሁን ይመልስባችኋል፥ ስለዚህ ከእርሱ ላይ የሚመጣ ኳስ ከላይ ለጻፍሁት ደንብ በቀላሉ አይገዛም።

ዕድሜ የገፋ ሰው በዚህ ጨዋታ ወጣቱን ማሸነፉ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስዊድናዊው ያን ኦቬ ዋልድነር በ1989ና በ1997 የዓለም ሻምፒዮን፥ በ1992ም የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ የነበረ ሰው ነው። በ2004 በአቴና ኦሎምፒክ ሲጫወት 38 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ውድድር የቻይናውን ማ ሊንንና የጀርመኑን ቲሞ ቦልን አሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ደረሰ። የድሮ ጨዋታዎቹ በቪዲዮ ስለሚገኙ ተመልከቱአቸው፤ ስትመለከቱ ግን ኳሱን ተዉና ቀኝ እጁን ብቻ ተከተሉ።

አሁን ስለ እኛ ጠረጴዛ አንድ ቅሬታ አለኝ። የእኛ ልማድ «የተሸነፈ ይውጣ» ነው። ይህ ልማድ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሆኖም ያጠፋን እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰልፍ ጠብቆ በመጨረሻ ራኬት የያዘ ልጅ፥ ከተሳሳተ ወዲያው ስለሚወጣ፥ አዲስ ነገር ለመሞከር አይደፍርም፤ የለመደውን መጥፎ አመታት ይደጋግማል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አንድ ሰዓት ቆሞ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ ይመለሳል፤ ሴት ተማሪዎችማ ከሰልፉም ይገፋሉ። እኔም ከገፊዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ግጥሚያ እንዳይደረግ፥ ልምምድ ብቻ እንዲሆን ዘንድሮ በስፖርት አስተማሪያችን ፈቃድ ጀምረናል። በአንዲት ጠረጴዛ ላይ አራት ሰው በአንድ ጊዜ መለማመድ ይችላል፤ ሁለቱ ከአንዱ ማእዘን ወደ አግድሞሹ፥ ሁለቱም ከሌላው ማእዘን ወደ አግድሞሹ፥ በሁለት ኳስ። ኳሶቹ በመካከል አንዳንዴ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ይሣቅና እንደ ገና ይጀመራል። ሥራው ኳሱን ሳያቋርጡ ሃምሳ ጊዜ ማመላለስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከዐሥራ ሁለት ያለፈ አልነበረም፤ ሁሉም ከልማዱ የተነሣ በስድስተኛው ላይ በኃይል ይመታ ነበርና። ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ስራ አይፈቱም፤ የተጫዋቾቹን ራኬት እያዩ፥ ኳሱ መረቡን ሳያልፍ «ታች»፥ «ላይ»፥ «ባዶ» እያሉ ይጠራሉ። ይህ ጨዋታ የተፈጠረው ለመቀለድ ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ልምምድ እርሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ገና በደንብ ሳትጫወት ከእኔ ይልቅ አጣርታ ትጠራለች።

ሰርቪስ ለመለማመድ ባላጋራ አያስፈልግም። ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት ከመረቡ አጠገብ ማስቀመጥና እርሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ራኬታችሁንም ጠብቁ፤ አቧራ የያዘ ላስቲክ ኳስ አይዝም። ከጨዋታ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጋችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ በሱሪ መጥረግ ላቡን እንጂ አቧራውን አያነሣም።

ከከተማችን ወጥቶ ለመጫወት ዕድል የሚያገኝ ሰው ቢኖር ይህንንም ይወቅ። በደጋ ከተማ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል። ወደ ፊት የሚሽከረከረውን ኳስ ወደ ታች የሚጫነው አየሩ ነው፤ የፊዚክስ አስተማሪያችን እንደ ነገሩን ይህ ኃይል በጀርመናዊው ሊቅ በማግነስ ስም ይጠራል። አየሩ ሲሳሳ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ኳሱም ሳይጐብጥና ሳይዘገይ ርቆ ይሄዳል። ድሬዳዋን ወደ መሰለ ቆላ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳሱ ቶሎ ይጐብጣል፥ ቶሎ ይደክማል፤ የደጋው ልጅ እንደ ለመደው ሲመታ ኳሱ ያጥርበታል። ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያሟሙቁአችሁ ለምኑ።

ዘንድሮ ከክለቡ ጋር የወዳጅነት ግጥሚያው ተደገመ፤ እኔም ከጋሼ ጋር ተመደብሁ። የመጀመሪያውን ዙር በ11 ለ7 ወሰዱ። ሁለተኛውን እኔ በ11 ለ8 አሸነፍሁ፤ የባዶ ሰርቪሴን ሁለት ጊዜ አንሥተው ወደ ግድግዳው ሰደዱት፥ እኔም ያን ግድግዳ ስለማውቀው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሦስተኛው የእርሳቸው፥ አራተኛው የእኔ ሆነ። አምስተኛው 9 ለ9 ሲደርስ ሰርቪሱ የእኔ ነበር። አጭሩን ደጋግሜ ሰጥቼ ስለ ነበር አሁን ረጅሙን በፍጥነት ወደ ማእዘኑ ልልክ ወሰንሁ። ልኬው ሳለሁ እርሳቸው እዚያው ማእዘን ቆመው ይጠብቁት ነበር። መለሱት፤ አልደረስሁበትም። ቀጥሎ የነበረውንም ወሰዱና 11 ለ9 አለቀ።

እጃቸውን ጨብጬ፥ «ጋሼ፥ ረጅሙን እንደምልክ በምን አወቁ? ራኬቴ እንደ ሆነ ምንም አልተናገረም» አልኋቸው።

መነጽራቸውን እየጠረጉ፥ «ራኬትህስ አልተናገረም» አሉኝ። «ረጅሙን ልትልክ ስትል ግን ኳሱን ከመወርወርህ በፊት ማእዘኑን ቀና ብለህ ታያለህ። ሦስቱንም ጊዜ አይተሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በቤታችን ካለው መስተዋት ፊት ቆሜ፥ ኳስ ሳልይዝ፥ ዐይኔን ከመዳፌ ላይ ሳላነሣ ሰርቪስ እሰጣለሁ። እስካሁን ከዐሥሩ በሁለቱ ላይ ቀና እላለሁ።